ተርባ ያሸነፈች ልጅ ዕዳዋ የእኛ ነው

የሙያ ጓደኞቼ፣ አሰልጣኞች፤

ይህን የምጽፈው ለአትሌቶቹ አይደለም። ለወላጆችና ለማናጀሮችም አይደለም። ለእናንተ ነው፤ ሌሊት 11 ሰዓት ተነስታችሁ በሱሉልታና በሰንዳፋ ብርድ ሰዓት ይዛችሁ ለምትቆሙ፣ ፀጉራችሁ ጃንሜዳ ላይ ለሸበተ፣ ከክፍለ ሀገር የመጣች ልጅ ከአባቷ ቀጥላ ቃላችሁን ለምትሰማላችሁ ለእናንተ። ዕድሜዬ እየገፋ ነው፤ ሳልናገረው ብሞት የሚቆጨኝ አንድ ነገር አለ። ሴት ሯጮቻችንን፣ እየዋለ እያደረም ወንዶቹን፣ «ክብደት ቀንሱ» በሚል ቃል እየጎዳናቸው ነው። ጉዳቱ በአንድ የውድድር ዘመን የሚያልፍ አይደለም። ሩጫውን ካቆሙ በኋላ፣ እኛም ከሞትን በኋላ አብሯቸው የሚኖር ጉዳት ነው።

በአንድ ካምፕ ያየሁትን ልንገራችሁ። ስሙን አልጠራም፤ የአንዱን ብጠራ ሌላው ንጹሕ ይመስላልና። ሰኞ ጠዋት ነው። ከመመገቢያ አዳራሹ በር አጠገብ ሚዛን ተቀምጧል። ልጆቹ ጫማቸውን አውልቀው ተሰልፈዋል። አሰልጣኙ ደብተር ይዞ የእያንዳንዷን ቁጥር ጮክ ብሎ ያነባል። ከአርሲ የመጣች የ17 ዓመት ልጅ ተራዋ ደረሰ። ጃኬቷን አወለቀች፤ ከዚያ ካልሲዋን አወለቀች። ሚዛኑ ላይ ስትወጣ ትንፋሿን ዋጥ አድርጋ ያዘች። «ሁለት ኪሎ ጨምረሻል! ምን እየበላሽ ነው?» አላት። ከኋላዋ የተሰለፉት ሳቁ። እሷም አብራቸው ሳቀች። ምሳ ሰዓት ላይ ዓይኔን ጥዬባት ነበር። እንጀራውን ከዳር ከዳር ትቆርሳለች፤ ወጡን ሳትነካ ወደ ጓደኛዋ ትገፋለች። ከዚያ ሻይ አስቀድታ ሳትበላ ተነሳች። ማንም ምን ሆንሽ አላላትም። ጭራሽ «ዲሲፕሊን ያላት ልጅ» ተብላ ተመሰገነች።

አሁን እነዚያ ሁለት ኪሎዎች ምን እንደነበሩ እንመልከት። ጡንቻና ጉበት ለሩጫ የሚሆነውን ስኳር ግላይኮጅን በሚባል መልክ ያከማቻሉ። እያንዳንዱ ግራም ግላይኮጅን ወደ 3 ግራም የሚጠጋ ውሃ ይዞ ይቀመጣል። በደንብ የበላችና ያረፈች ሯጭ 400 ወይም 500 ግራም ግላይኮጅን ብታከማች፣ ከነውሃው 2 ኪሎ ሊደርስ ነው። ቅዳሜ ረጅም ሩጫ ሮጣ፣ እሑድ ጠግባ በልታ ያረፈች ልጅ ሰኞ ጠዋት ብትከብድ ለሥራ ተዘጋጅታለች ማለት ነው። የወር አበባዋ ሊመጣ ሲልም ሰውነቷ ውሃ ይይዛል። ሚዛኑ ውሃውን፣ ጡንቻውን፣ ስቡንና አጥንቱን አንድ ላይ ጠቅልሎ አንድ ቁጥር ይሰጣል፤ የትኛው እንደጨመረ አይናገርም። ያቺ ልጅ የተሰደበችው ልትሮጥበት ባስቀመጠችው ስንቅ ነው። በማግስቱ ያንን ስንቅ ባዶ አድርጋ ትመጣለች፤ ቁጥሩ ይወርዳል፤ አሰልጣኙም ደስ ይለዋል።

ሒሳቡን በእጃችሁ ሥሩት። አንዲት 48 ኪሎ የምትመዝን ልጅ ውሰዱ። ከዚህ 7 ኪሎው ስብ ቢሆን 41 ኪሎ ይቀራል። የሰው ልጅ ሲሮጥ ለእያንዳንዱ ኪሎ ሜትር በእያንዳንዱ የሰውነት ኪሎ በግምት 1 ኪሎ ካሎሪ ያቃጥላል። በቀን 25 ኪሎ ሜትር የምትሮጥ ከሆነ ለሩጫው ብቻ 1,200 ገደማ አወጣች። ከሩጫው የተረፈው ምግብ ደግሞ ልብን፣ አንጎልን፣ አጥንትን፣ ሆርሞንን፣ የሰውነትን መከላከያ ሁሉ ማኖር አለበት። ለዚህ በእያንዳንዱ ከስብ ውጪ ባለ ኪሎ 45 ኪሎ ካሎሪ ያህል ቢተርፍ ጤና ነው፤ ከ30 በታች ሲወርድ የሴቷን ዑደት የሚመሩት ሆርሞኖች እንደሚታወኩ ተመራማሪዎች በላቦራቶሪ አሳይተዋል፤ ያውም በቀናት ውስጥ። እንግዲህ ለኛ ልጅ 45 በ41 ሲባዛ 1,845፤ ሩጫው ሲጨመር ከ3,000 በላይ ይሆናል። አንዲት ልጅ በተከራየችው ክፍል ሻይ በዳቦ ቁርሷን፣ ሽሮ በእንጀራ ምሳና እራቷን በልታ 2,000 ብታገኝ፣ ለመኖር የሚቀራት 800 ነው። ለ41 ስታካፍሉት ከ20 በታች ይሆናል። ይቺ ልጅ ማንም «ቀንሺ» ሳይላት፣ በድህነቷና በጊዜ ማጣት ብቻ፣ ቀድሞውኑ ተርባለች። እኛ በዚህ ላይ ነው «ከብደሻል» የምንላት።

ሰዓቱንም ተመልከቱ። 11 ሰዓት ትነሳለች። 11 ተኩል ሰርቪስ ትሳፈራለች። 12 ተኩል ላይ ማሟሟቅ ትጀምራለች። ፕሮግራሙ ሲያልቅ፣ ሰውነቷን ስታፍታታ፣ መኪናው ሲመለስ 4 ሰዓት አለፈ። ታጥባ፣ ከክፍል ጓደኞቿ አንዷ ምግብ እስክትሠራ 5 ሰዓት ተኩል ሆነ። ከትናንት ማታ እስከዚያ ድረስ በሆዷ የገባ የለም። ጡንቻ ያጣውን ለመተካት በጣም የሚፈልገው ሩጫው ባለቀ በመጀመሪያው ሰዓት ውስጥ ነው፤ እኛ ያንን ሰዓት በሰርቪስ ውስጥ በባዶ ሆድ እናሳልፋቸዋለን። አንድ ጆንያ በሶ፣ ሙዝና ስኳር በሰርቪሱ መጫን ለየትኛው ክለብ ይከብዳል?

ሰውነት ሞኝ አይደለም። ገቢው ያነሰበት አባወራ መጀመሪያ የሚተወው ግድግዳ ማስለሰንና ጣራ ማደስ እንደሆነ ሁሉ፣ ምግብ ያነሰው ሰውነትም ለዛሬ የማያስፈልገውን ሥራ ያቆማል። መውለድን ያቆማል፤ አጥንት ማደስን ያቆማል። የወር አበባዋ ይጠፋል። እኛ ዘንድ ይህ እንደ ጥሩ ምልክት ሲወራ በጆሮዬ ሰምቻለሁ፤ «ፎርም ላይ ናት ማለት ነው» ይባላል። ይህ አነጋገር ከአሰልጣኝ አፍ መጥፋት አለበት። የወር አበባ የቀረባት ልጅ ኤስትሮጅን የሚባለው ሆርሞን ወርዶባታል፤ አጥንትን የሚጠብቀው ደግሞ እሱ ነው። ሰው በዕድሜው ከሚኖረው የአጥንት ክምችት አብዛኛው፣ ወደ 90 በመቶ የሚጠጋው፣ 20 ዓመት ሳይሞላው የሚከማች ነው። በ16 እና በ17 ዓመቷ ያላስቀመጠችውን አጥንት በ30 ዓመቷ በወተት አትመልሰውም። የ20 ዓመት ልጅ የአያቷን አጥንት ይዛ ትሮጣለች ማለት ነው።

ዓለም አቀፉ የኦሊምፒክ ኮሚቴ እ.ኤ.አ. በ2014 ባወጣው መግለጫ ለዚህ ሁሉ «ሬድ-ኤስ» የሚል ስም ሰጠው፤ በ2018 እና በ2023 አሻሽሎታል። ከዚያ በፊት የሴቶች ጉዳይ ብቻ ይመስል ነበር። አሁን ወንዶቹም ውስጥ እንዳሉበት፣ ልብን፣ አንጀትን፣ ስሜትን፣ ጉንፋን የመከላከል አቅምን ሁሉ እንደሚነካ በግልጽ ተጽፏል። በእኛ ስንት ካምፕ ውስጥ እንደተነበበ ራሳችሁ ታውቁታላችሁ።

ወደ ከባዱ ነገር ልምጣ። ይህን ስናገር «እኔ ግን አይቻለሁ፤ ስትቀንስ ፈጠነች» የሚለኝ አሰልጣኝ አይጠፋም። እውነቱን ነው። የቀለለ ሰውነት ለአንድ ኪሎ ሜትር የሚፈልገው ኦክስጅን ያንሳል። የተራበች ልጅ ለጥቂት ሳምንት፣ አንዳንዴም ለአንድ የውድድር ዘመን ሙሉ፣ ከበፊቷ ትፈጥናለች። ሚኒማ ታሟላለች፤ ቡድን ውስጥ ትገባለች፤ ማናጀር ይመጣል፤ ፓስፖርት ይወጣል። ወጥመዱ እዚህ ላይ ነው። ረሀቡ ቢያዘገያት ኖሮ ገና በመጀመሪያው ወር በተውነው ነበር። ስለሚያፈጥናት ግን ዘዴው የሠራ ይመስለናል፤ ለቀጣይዋም ልጅ እንነግራለን፤ ልጆቹም እርስ በርሳቸው ይማማራሉ። ሒሳቡ የሚመጣው በሚቀጥለው ዓመት ነው፤ ያኔ «ተጎዳች» እንላለን እንጂ ምን እንዳደረግናት አንናገርም። በቦታዋ ሌላ ልጅ እናመጣለን። ከቦቆጂ፣ ከአሰላ፣ ከደብረ ብርሃን፣ ከትግራይና ከጎጃም የሚመጣ ልጅ ብዙ ስለሆነ የጎደለችውን የሚቆጥር የለም። አሜሪካዊ ወይም ጃፓናዊ አሰልጣኝ ተሰጥኦ ያላት አንዲት ልጅ ብትሰበርበት ዓመቱ ይበላሻል፤ የእኛ ወረፋ ግን ረጅም ነው፤ ረጅሙ ወረፋ ጨካኝ አድርጎናል።

ይህ የድሃ አገር ችግር ብቻ እንዳይመስላችሁ። ሜሪ ኬን የምትባል አሜሪካዊት ልጅ እ.ኤ.አ. በ2013 በ17 ዓመቷ በሞስኮ የዓለም ሻምፒዮና 1,500 ሜትር ፍጻሜ ደርሳ ነበር። ናይኪ ኦሬገን ፕሮጀክት ወደተባለው፣ የዓለም ገንዘብና ሳይንስ ሁሉ ወደተከማቸበት ቡድን ገባች። በኅዳር 2019 (እ.ኤ.አ.) ለኒው ዮርክ ታይምስ በሰጠችው ምስክርነት፣ ወደ 52 ኪሎ እንድትወርድ ግፊት ይደረግባት እንደነበር፣ በቡድን ጓደኞቿ ፊት ትመዘን እንደነበር፣ የወር አበባዋ ለ3 ዓመት እንደጠፋ፣ 5 አጥንቷም እንደተሰበረ ተናገረች። አሰልጣኟ አስተባብሏል። እኔን የነካኝ ግን ሌላ ነው፤ ያ ሁሉ ላቦራቶሪ ባለበት ቦታ የተነገራት ቃልና እኛ ካምፕ በር ላይ የሚነገረው ቃል አንድ ዓይነት መሆኑ።

ስለ አጥንቱ ትንሽ ልቆይ፤ እዚህ ላይ በየቀኑ ስናጠፋ አያለሁና። ልጅቷ ቅልጥሟን ያማታል። መጀመሪያ ሩጫው ሲያልቅ ብቻ ነው የሚያማት፤ ቀጥሎ ሩጫው መሐል፤ ቀጥሎ ስትራመድ፤ በመጨረሻ ሌሊት ተኝታም። በአውራ ጣታችሁ ቅልጥሟን ከላይ ወደ ታች ጫን ጫን እያደረጋችሁ ብትሄዱ፣ አንዲት ሳንቲም በምታህል ቦታ ላይ ስትደርሱ ልጅቷ እግሯን ትነጥቃችኋለች። ጡንቻ ሰፋ አድርጎ ነው የሚያመው፤ እንዲህ በአንድ ነጥብ ላይ የሚያመው አጥንት ነው፤ ስትሬስ ፍራክቸር ይሉታል። እኛ ወደ ወጌሻ እንወስዳታለን፤ ይታሻል፤ የተሰነጠቀ አጥንት በቅባት ይታሻል! ወይም ራጅ ትነሳና «ንጹሕ ነው» ይባላል። በመጀመሪያዎቹ ሁለትና ሦስት ሳምንታት ስንጥቁ በራጅ ላይታይ ይችላል፤ ኤምአርአይ ነው ቶሎ የሚያሳየው። «ራጁ ንጹሕ ነው፤ ሰበብ አታብዢ» ብሎ ፕሮግራም ማሠራት አጥንቱን ጨርሶ መስበር ነው። ሕመሙ ከብሽሽት በኩል ከሆነ ደግሞ ለአንድ ቀንም አትሟገቱ። የጭን አጥንት አንገት ላይ ያለ ስንጥቅ ሙሉ በሙሉ ከተሰበረ ኦፕራሲዮን ነው፤ ከዚያ በኋላ ሩጫው ይቅርና መራመዷም ያሳስባል። በዚህ መልክ ሁለተኛ ጊዜ የተሰነጠቀባት ልጅ ስታገኙ መጀመሪያ የምትጠይቁት ስለ ጫማዋ ወይም ስለ አስፋልቱ አይሁን። ምን እንደምትበላና የወር አበባዋ መቼ እንደነበር ይሁን።

የወር አበባ ጠፍቷል ሲባል የእርግዝና መከላከያ ኪኒን የሚያዝም አለ። ኪኒኑ በየወሩ ደም ያሳያል፤ አጥንቱን ግን አያድነውም፤ ምልክቱን ደብቆ ችግሩን ያስቀጥላል። ደከመች ተብላ ክሊኒክ ተወስዳ ግሉኮስ የሚሰቀልላትም አለች። በ12 ሰዓት ውስጥ ከ100 ሚሊ ሊትር በላይ በደም ሥር መውሰድ በሆስፒታል ሕክምና ካልሆነ በቀር በዓለም አቀፉ የፀረ ዶፒንግ ደንብ የተከለከለ ነው። ክብደት ለመጣል የሚያሸና ኪኒን መስጠት ከዚህ ይብሳል፤ በውድድርም ከውድድር ውጪም የታገደ ነው። ሁለት ኪሎ ውሃ ለማስወጣት ብላችሁ ልጅቷን ከነስሟ ታስቀጧታላችሁ። ፕላስቲክ ለብሶ በፀሐይ መሮጥንም አቁሙልኝ፤ የሚወጣው ውሃ እንጂ ስብ አይደለም፤ ማታ ስትጠጣ ይመለሳል፤ እስከዚያው ልቧ ላይ ጫና ይበዛል።

ስለ ጾም የምናገረው በአክብሮት ነው። ቀኖናውን የሚወስኑት አባቶች ናቸው። እኔም ጾም የማከብር ሰው ነኝ። ግን ለአሰልጣኝ መነገር ያለበት ነገር አለ። ዐቢይ ጾም 55 ቀን ነው፤ የታላላቆቹ ማራቶኖች የፀደይ ወቅት ደግሞ ብዙ ጊዜ እዚያው ላይ ይወድቃል። ለምሳሌ በ2016 ዓ.ም. የለንደን ማራቶን ሚያዝያ 13 ሲካሄድ ፋሲካ ገና ሁለት ሳምንት ይቀረው ነበር። የመጨረሻዎቹ የዝግጅት ሳምንታት ጾም ውስጥ ነው ያለፉት። የጾም ምግብ በራሱ ሯጭ አይጎዳም፤ ምስር፣ ክክ፣ ሽሮ፣ ሱፍ፣ ተልባ፣ ኦቾሎኒ፣ በሶ፣ ቆሎ የድሮ የሯጭ ምግብ ነው። ችግሩ መጠኑና ሰዓቱ ነው። 30 ኪሎ ሜትር ሮጣ እስከ 9 ሰዓት የምትቆይ ልጅ ማታ አንዴ በልታ አትሞላውም። ፋይበሩ ሆዷን ቶሎ ይሞላዋል፤ ጠገብኩ ትላለች፤ ሒሳቡ ግን አልሞላም። እንዲህ ያለችውን ልጅ ወደ ንስሐ አባቷ ሄዳ ሥራዋን እንድትነግራቸው፣ ቢያንስ ሰዓቱን በተመለከተ ምክር እንድትጠይቅ ንገሯት። አሰልጣኝ ጾም ፍቺ አይልም፤ ጹሚ ብሎም አያስገድድም።

የረመዳን ጾም ሌላ ሥርዓት አለው። ለታመመና ለመንገደኛ በሌላ ቀን የመክፈል ፈቃድ አለ፤ ለሚጾመው ደግሞ ፕሮግራሙን ወደ ኢፍጣር ማስጠጋት፣ ከባዱን ሩጫ ከኢፍጣር በኋላ ማድረግ፣ የሱሁርን ምግብ በካምፑ ወጥ ቤት ማዘጋጀት የእኛ ሥራ ነው። ሌሊት ተነስቶ የሚያበስል ሰው መድቡ፤ ለአንድ ወር ነው።

በሁለቱም ጾሞች ውስጥ ግን ከሁሉ በላይ የምፈራው አንድ ነገር አለ። ራሷን እያስራበች ያለች ልጅ ከጾም የተሻለ መደበቂያ አታገኝም። «ጾም ነኝ» ስትል ማን ይጠይቃታል? ጾሙ ሲፈታ ግን ተመልከቷት። በፋሲካ ዶሮው ሲቀርብ ሆዴን አመመኝ የምትለውን፣ ከሰው ጋር መብላት የተወችውን፣ ምግብ ለሌላው እያቀረበች እሷ የማትበላውን፣ እረፍት በተሰጣት ቀን ተደብቃ የምትሮጠውን። ይህ የእምነት ጉዳይ አይደለም፤ ሕመም ነው። ሐኪም ያስፈልገዋል፤ ተግሣጽ ያባብሰዋል።

ደም ማነስን በአጭሩ ልንካ። በ2,700 እና በ2,800 ሜትር ከፍታ ላይ የሚሠራ ሰውነት ደም ለማብዛት ብረት ይፈልጋል፤ ሴቷ በየወሩ ታጣለች። ጤፍ ብረት አለው ተብሎ መዘናጋት አይገባም፤ ከእህሉ የሚገኘው ብረት ወደ ደም የሚገባው በጥቂቱ ነው። ምግብ እንደተበላ ቡና ወይም ሻይ መጠጣት ያንኑ ጥቂቱን ይከለክላል፤ አንድ ሰዓት ይቆይ፤ በቦታው ብርቱካን ወይም ሎሚ ይሁን። በዓመት ሁለት ጊዜ የብረት ክምችትን የሚያሳየው ፌሪቲን ይለካ። ያለ ምርመራ የብረት መርፌ አታስወጉ።

ወንዶቹን የረሳኋቸው አይምሰላችሁ። እነሱ ላይ የሚጠፋ የወር አበባ ስለሌለ ችግሩ ተደብቆ ይቆያል። ቴስቶስተሮኑ ይወርዳል፤ ጠዋት የወንድነቱ ምልክት ይጠፋል፤ ይበርደዋል፤ እንቅልፍ ያጣል፤ ይነጫነጫል፤ ጉንፋን አይለቀውም፤ ቁስሉ አይድንም። ለአንድ ወር እንዲህ የሆነን ወጣት «ሰነፈ» ብላችሁ ፕሮግራም አትጨምሩበት። አብሉት፤ አሳርፉት፤ አስመርምሩት።

ደግሞ ስለ ዕድሜ። ሴት ልጅ ከ14 እስከ 18 ባለው ጊዜ ዳሌዋ ይሰፋል፤ ጡቷ ያድጋል፤ ክብደቷ ይጨምራል። ሰዓቷ ለአንድና ለሁለት ዓመት ሊቆም፣ ሊመለስም ይችላል። ተፈጥሮ ሥራዋን እየሠራች ነው። በዚህ ጊዜ የሚታገሣት አሰልጣኝ በ20 ዓመቷ ትልቅ ሯጭ ያገኛል፤ በዚህ ጊዜ የሚያስርባት ደግሞ ያለችውንም ያጣል። ደራርቱ ቱሉ በ1992 (እ.ኤ.አ.) ባርሴሎና ላይ ወርቅ አገኘች፤ ልጅ ወልዳ ተመልሳ በ2000 ሲድኒ ላይ ደገመች፤ በ2004 አቴንስ ላይ ነሐስ ወሰደች፤ በ2009 በ37 ዓመቷ የኒው ዮርክ ማራቶንን አሸነፈች። ከባርሴሎና እስከ ኒው ዮርክ 17 ዓመት ነው። ጥሩነሽ ዲባባ በ2003 ፓሪስ ላይ የዓለም ሻምፒዮን ሆና፣ በ2015 ወልዳ፣ በ2016 ሪዮ ላይ ነሐስ አግኝታ፣ በ2017 የቺካጎን ማራቶን አሸንፋለች። ከዛሬ ታዳጊዎቻችን ስንቶቹ በ20 ዓመታቸው «የድሮ ሯጭ» ተብለው እንደተረሱ ግን ሁላችንም እናውቃለን። ቀነኒሳ በቀለ በ41 ዓመቱ በለንደን በ2:04:15 ሁለተኛ ሲወጣ «ተአምር ነው» ተባለ። የሚበላ፣ የሚያርፍ፣ የሚታከም ሰውነት ዕድሜ ይኖረዋል፤ ተአምር ያልነው ነገር የብዙዎች መሆን ይችል ነበር።

የአገራችን ሯጮች አመጋገብ ምን እንደነበር ጥናትም ይመሰክራል። በ2011 (እ.ኤ.አ.) በታተመ አንድ ጥናት 10 ኢትዮጵያውያን ከፍተኛ ሯጮች ከፍታ ላይ ሲዘጋጁ የበሉት ሁሉ ተመዝኖ ነበር። ከሚያገኙት ኃይል 64 በመቶ ያህሉ ከካርቦሃይድሬት ነበር፤ በቀን ለእያንዳንዱ የሰውነት ኪሎ ወደ 10 ግራም የሚጠጋ። የሚያስገቡትና የሚያወጡት ተመጣጣኝ ነበር፤ ክብደታቸውም ባለበት ቆይቷል። እንጀራ የሚከለክል፣ ዳቦ የሚያስፈራራ አዲስ ምክር ከስልክ ላይ እያነበባችሁ የምታመጡ ወጣት አሰልጣኞች ይህን ልብ በሉ። በእንጀራና በበሶ የዓለም ክብረ ወሰን የተሰበረባት አገር አሰልጣኝ እንጀራን ሊያስፈራራ አይገባውም።

ኖርዌጂያኖች ያደረጉትን አደንቃለሁ። የስኪ ፌዴሬሽናቸው የጤና መስፈርት ያላሟላ አትሌት እንዳይወዳደር ደንብ አውጥቷል። በ2019 (እ.ኤ.አ.) የውድድር ዘመኑ ሊጀመር ሲል የኦሊምፒክ ወርቅ ያላትን የአገር አቋራጭ ስኪ ተወዳዳሪያቸውን አትወዳደሪም ብለው አስቀርተዋታል። ገንዘብ፣ ስፖንሰርና ቴሌቪዥን እየጠበቃት ነው ያስቀሯት። እኛ ፌዴሬሽኑ ደንብ እስኪያወጣ መጠበቅ የለብንም። በየካምፓችን አትሌቷን የማስቀረት ሥልጣን ያለን እኛው ነን።

እንግዲህ የምለምናችሁ ይህ ነው። ሚዛኑን ከመመገቢያ አዳራሹ አንሡ፤ መመዘን ካስፈለገ ነርስ ብቻዋን፣ በር ዘግታ፣ ቁጥሩን ለማንም ሳትናገር ትመዝን። በልጅ ሰውነት ላይ በሰው ፊት አንዲት ቃል አትናገሩ፤ የሚያሞግስም ቢሆን፤ «ቀለል ብለሻል፤ አምሮብሻል» የሚለውም ያው መርዝ ነው። ስለ ወር አበባ መጠየቅ ለእናንተ የሚያሳፍራችሁ ከሆነ፣ በካምፑ ሴት ረዳት አሰልጣኝ ወይም ነርስ ይኑር፤ በየወሩ ትመዝግብ። በሰርቪሱ ምግብ ይጫን። ማናጀር ደውሎ «ሁለት ኪሎ ትጣል» ካለ ስልኩን ዝጉት። ልጅቷ ለቤተሰቧ የምትልከው ገንዘብ ቢያሳዝናችሁም፣ ከተሰበረች የሚልክላቸው እንደማይኖር አስቡ።

የወር አበባዋ 3 ወር የቀረባትን፣ ወይም አጥንቷ ሁለተኛ ጊዜ የተሰነጠቀባትን ልጅ እያወቀ ወደ ውድድር የሚልክ አሰልጣኝ፣ ሜዳሊያ ይዛ ብትመለስም፣ ሥራውን አልሠራም። በዚህ ሳምንት በእጃችሁ ያሉትን ልጆች አስጠይቁ። እንዲህ ሆና የተገኘችውን ወደ ሐኪም ላኩ፤ እስክትድን ውድድሩ ይቅርባት።